«ሜክሲኮ» በ12 ባይት አይገባም፤ በትናንሽ መሣሪያዎች ኮድ ውስጥ የጽሑፍ አያያዝን ስለ መመርመር



ባለፈው ክረምት ጥቂት ጓደኛሞች ሆነን ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ በተከራየናት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ የስም ማሳያ ሰሌዳ ሠርተን ነበር። የሠራናትም ለልምምድ ነው እንጂ ለማንም ድርጅት አልነበረም። አሳባችን ቀላል ነው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው በአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መንገድ፤ ሁለቱ መሥመሮች አንድ ሐዲድ በሚጋሩበት ክፍል ላይ የሚገኙትን አምስት ጣቢያዎች ስም ተራ በተራ እንድታሳይ ነበር። እነዚህም ስታዲየም፣ ለገሀር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ እድና ልደታ ናቸው።

በመጀመሪያ ስሞቹን በላቲን ፊደል አስገባናቸው። ሰሌዳዋ ሁለት ቀን ሙሉ ምንም ሳትሳሳት ሠራች። በሦስተኛው ቀን፤ የገዛ ፊደል እያለን በሰው ፊደል መጻፉ ምን ይባላል ተባባልንና ስሞቹን ወደ አማርኛ መለስናቸው። ሰሌዳዋ ከልደታ ተነሥታ ወደ ስታዲየም ትሄዳለች። «ልደታ» ብላ በትክክል ጻፈች። ቀጥሎ «ተግባረ እድ» ማለት ሲገባት «ተግባረልደታ» አለች። ሳቅን። ሜክሲኮ ላይ ስትደርስ ግን «ሜክሲኮተግባረልደታ» የሚል አይተን ሰምተን የማናውቀው ረጅም ጣቢያ አወጣችና ድርቅ ብላ ቀረች። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

ሳቁን ያቆመው የሰሌዳዋ መቆም ብቻ አይደለም። ኮዱን ከመካከላችን አንዱ ከጻፈው በኋላ ሌሎቻችን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይተን «ጥሩ ነው» ብለን አልፈነው ነበር። ስለዚህ ጥፋቱ የጸሐፊው ብቻ ሳይሆን የመርማሪዎቹም ነው። ከዚህም በላይ በዚያው ሰሞን አንድ ክሊኒክ ይህችኑ ሰሌዳ የበሽተኞችን ስም ለመጥሪያ ልትሆን ትችል እንደሆነ ጠይቆን ነበር። የጣቢያ ስም ቢሳሳት ተሳፋሪው ይስቃል፤ የበሽተኛ ስም ቢሳሳት ግን የሚስቅ የለም። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ነው።

፩. በሲ ቋንቋ ስትሪንግ ማለት ምን ማለት ነው?

የሲ ቋንቋ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ውስጥ በዴኒስ ሪቺ የተፈጠረ ነው። ራሱ ሪቺና ብራያን ከርኒሃን በ1978 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት መጽሐፍ ቋንቋውን በዓለም አሰራጨው። ዕድሜው ከግማሽ ምዕት ዓመት ቢያልፍም በትናንሽ መሣሪያዎች ውስጥ የሚቀመጠው ፈርምዌር የሚባለው ፕሮግራም ዛሬም በአብዛኛው የሚጻፈው በሲ ነው።

በሲ ቋንቋ ውስጥ ጽሑፍ ራሱን የቻለ ዓይነት አይደለም። ጽሑፍ ማለት በሜሞሪ ውስጥ ጐን ለጐን የተደረደሩ ባይቶች ማለት ነው። የጽሑፉ መጨረሻ የሚታወቀው ዋጋው 0 የሆነ ባይት ሲገኝ ነው። ርዝመቱ የትም አልተጻፈም።

ይህን ለመረዳት ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ወርዶ የታክሲ ሰልፍ መያዝ ይበቃል። የአየር ጤና ሰልፍና የጀሞ ሰልፍ ተጠጋግተው ቆመዋል። አዲስ የመጣ ሰው «መጨረሻው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ አንዱ እጁን አንሥቶ «እኔ ነኝ» ይላል። ይህ ሰው የሰልፉ ዜሮ ነው። እሱ ዝም ያለ እንደሆነ ግን የአየር ጤናው ሰልፍ ከጀሞው ሰልፍ ጋር ይቀጠላል፤ አዲስ መጪውም የት እንደሚያልቅ ሳያውቅ እስከ ጀሞው ጭራ ድረስ ይሄዳል። የሲ ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ዜሮውን ካላገኘ የጐረቤቱን ሜሞሪ እንደራሱ ጽሑፍ ቆጥሮ ማንበቡን ይቀጥላል።

በትልቅ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ሲሆን ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንዳንድ ጊዜ ፕሮግራሙን ይዞ ያስቆመዋል። በትንሽ መሣሪያ ላይ ግን ጠባቂ የለም። እኛ የተጠቀምንበት አርዱዊኖ ኡኖ የሚባለው ሰሌዳ የሥራ ሜሞሪው 2048 ባይት ብቻ ነው። በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ጽሑፉም፣ ቆጣሪውም፣ የፈንክሽኖች መመለሻ አድራሻም ግድግዳ ሳይኖራቸው አብረው ይኖራሉ።

፪. የእኛ ፊደል ስንት ባይት ይፈጃል?

የአማርኛን ፊደል በመኪና ለመጻፍ የተደረገው ድካም ከኮምፒዩተር በፊት የጀመረ ነው፤ ኢንጂነር አያና ብሩ በአማርኛ የጽሕፈት መኪና ላይ የደከሙት የታወቀ ነው። በኮምፒዩተር ዘመን ደግሞ የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በ3.0 እትም ነው። ዋናው የግዕዝ ክፍል ከቁጥር 4608 እስከ 4991 ድረስ 384 ቦታ ይይዛል። 4608 ቁጥር «ሀ» ናት።

እነዚህን ቁጥሮች ወደ ባይት የሚለውጠው በጣም የተለመደው ዘዴ ዩ.ቲ.ኤፍ.-8 የሚባለው ነው፤ ይህን ዘዴ ኬን ቶምሰንና ሮብ ፓይክ በ1992 እ.ኤ.አ. አወጡት። በዚህ ዘዴ አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲፈጅ፤ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይፈጃል። «ሜክሲኮ» የሚለው ቃል በሜሞሪ ውስጥ ሲቀመጥ እንዲህ ነው።

ሜ፦ 225፣ 136፣ 156
ክ፦ 225፣ 138፣ 173
ሲ፦ 225፣ 136፣ 178
ኮ፦ 225፣ 138፣ 174
መጨረሻ፦ 0

አራቱ ፊደላት 12 ባይት፤ መጨረሻውን የሚያመለክተው ዜሮ 1 ባይት፤ ጠቅላላው 13 ባይት ነው።

ከዚህ ሠንጠረዥ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፤ ዋናው የግዕዝ ክፍል ውስጥ ያለ ፊደል ሁሉ የሚጀምረው በ225 ነው። ሁለተኛው፤ ተከታዮቹ ሁለት ባይቶች ሁልጊዜ በ128 እና በ191 መካከል ይውላሉ። ስለዚህ ማናቸውንም ባይት ለብቻው አንሥተን የፊደል ራስ ወይም የፊደል ጭራ መሆኑን ለይተን ማወቅ እንችላለን። ይህ በኋላ ይጠቅመናል።

ቁጥሩን መልሶ ለማግኘት ስሌቱ ቀላል ነው። ለ«ሜ» ከመጀመሪያው ባይት 224 እንቀንሳለን፤ 1 ይቀራል፤ በ4096 እናባዛለን። ከሁለተኛው 128 እንቀንሳለን፤ 8 ይቀራል፤ በ64 እናባዛለን፤ 512 ይሆናል። ከሦስተኛው 128 እንቀንሳለን፤ 28 ይቀራል። ድምሩ 4636 ነው። ከዚህ የ«ሀ»ን ቁጥር 4608 ስንቀንስ 28 እናገኛለን። 28 ለ8 ሲካፈል 3 ደርሶ 4 ይቀራል። ከሀ፣ ለ እና ሐ ቀጥሎ ያለው ቤት የመ ቤት ነው፤ ከግዕዝ ጀምረን 4 ደረጃ ስንወርድ ኃምስ ላይ እንደርሳለን። መ በኃምስ ሜ! በልጅነታችን በፊደል ገበታ ላይ በእንጨት እየጠቆምን የቆጠርነው ሥርዓት በባይቱ ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል።

ዋጋውን የሚከፍለው ግን ቦታው ነው። ይህ በስልካችንም ይታያል፤ አንድ አጭር መልእክት 140 ባይት ስለሆነ በላቲን 160 ፊደል ሲይዝ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። መልእክቱ የሚጠቀመው ዘዴ ከዩ.ቲ.ኤፍ.-8 የተለየ ቢሆንም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ፊደል መቁጠርና ባይት መቁጠር ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው።

፫. የሰሌዳችን ኮድ ሲመረመር

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት እንመለስ። ስሞቹ ከኮምፒዩተር በሽቦ ይመጡና እያንዳንዱ 12 ባይት በሆነ አምስት ረድፍ ባለው ሠንጠረዥ ውስጥ ይቀመጣሉ። የ12 ምክንያቱ ምን ነበር? በላቲን ፊደል ረጅሙ የጣቢያ ስም 8 ፊደል ነው፤ 12 ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ያኔ ልክ ነበር። በኋላ ፊደሉ ሲለወጥ ቁጥሩ አብሮ አልተለወጠም፤ ማንም ከየት እንደመጣ አልጻፈበትምና።

ስሙን ወደ ሠንጠረዡ የሚገለብጠው ስትርኤንሲፒዋይ የሚባለው ፈንክሽን ነበር። ብዙዎቻችን በስሙ መካከል ባለችው «ኤን» ተታለን ይህ ፈንክሽን ጥንቁቅ ነው ብለን እናምናለን። እርግጥ ከተነገረው መጠን አልፎ አይጽፍም። ነገር ግን ጽሑፉ ቦታውን እኩል ከሞላው ወይም ከበለጠው መጨረሻ ላይ ዜሮ አያኖርም። ይህም የሆነው በጥንቱ ዩኒክስ ውስጥ 14 ባይት በሆነ ቋሚ ቦታ ላይ የፋይል ስም ለመጻፍ የተሠራ ስለ ነበረ ነው፤ እዚያ ቦታው ቋሚ ስለሆነ ዜሮው አያስፈልግም ነበር።

እንግዲህ አምስቱን ስሞች እንለካ። ስታዲየም 15 ባይት ነው፤ በ12 ሲቆረጥ «ስታዲየ» ይሆናል፤ ዜሮ የለውም። ለገሀር በትክክል 12 ነው፤ ዜሮ የለውም። ሜክሲኮ በትክክል 12 ነው፤ ዜሮ የለውም። ተግባረ እድ ስድስት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ስለሆነ 19 ነው፤ በ12 ሲቆረጥ «ተግባረ» ይቀራል፤ ዜሮ የለውም። ልደታ ብቻ 9 ባይት ስለሆነች ዜሮዋን ይዛ ገባች። ከአምስቱ ሰልፎች «መጨረሻው እኔ ነኝ» የሚል ሰው ያለው በአንዱ ብቻ ነው። ሰሌዳዋ «ሜክሲኮተግባረልደታ» ያለችውም ለዚህ ነው።

ለምን ቆመች? ስሙ ወደ ስክሪኑ ከመሄዱ በፊት 32 ባይት ወደሆነ የመሥመር ባፈር ይገለበጣል፤ የሚገለብጠውም መጠን የማይጠይቀው ስትርሲፒዋይ ነው። ተግባረና ልደታ ተያይዘው ከዜሮው ጋር 22 ባይት ናቸው፤ ይገባሉ። ሜክሲኮ ሲጨመር ግን 12 እና 12 እና 9፤ ከዜሮው ጋር 34 ይሆናል። 2 ባይት ተርፎ ፈሰሰ። እነዚህ ሁለት ባይቶች የ«ታ» የመጨረሻ ባይት 179 እና ዜሮው ናቸው። በስትራክታችን ውስጥ ከመሥመሩ ባፈር ቀጥሎ የተቀመጠው የጣቢያው ቆጣሪ ነበር፤ እሱም 2 ባይት ነው። ስለዚህ ሰሌዳዋ በሁለተኛው ቁጥር ላይ መሆኗን ረስታ በ179ኛው ላይ ነኝ አለች። ቀጥላ አንድ ቀንሳ 178ኛውን ረድፍ ፈለገች። 178 በ12 ሲባዛ 2136 ነው፤ ጠቅላላ ሜሞሪው ግን 2048 ነው። ከቤቷ ወጥታ ጠፋች ማለት ነው።

ልብ እንበል፤ የቆመችው ሜክሲኮ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የተሠራው ስሞቹ ሲገለበጡ ነው፤ የመጀመሪያው ምልክትም ተግባረ እድ ላይ ታይቶ ስቀንበት ነበር። በሲ ውስጥ የጽሑፍ ስሕተት የሚገደልበትና የሚቀበርበት ቦታ አንድ አይደለም። ኮድን በማንበብ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በመሞከር ብቻ የምናገኘው መቃብሩን ነውና።

ማረሚያው ምን ያህል ነበር? ረድፉን ከ12 ወደ 20 ማድረግ፤ ማለት ከ60 ባይት ወደ 100 ባይት መውጣት። 40 ባይት ቆጥበን አንድ ቀን ሙሉ ከሰርን። በነገራችን ላይ አንድ ጓደኛችን «ተግባረ፡እድ» ብሎ በሁለት ነጥብ ቢጽፈው 20ውም አይበቃም፤ ነጥቡ እንደ ፊደሉ 3 ባይት ስለሆነ ከዜሮው ጋር 22 ይሆናል።

፬. መርማሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

ከዚያ ወዲህ የጓደኛችንን ኮድ ስንመረምር የሚከተሉትን ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈን አጠገባችን እናኖራለን።

አንደኛ፤ ይህ ቁጥር ከየት መጣ? 12፣ 16፣ 32 የሚል ቁጥር ባየን ጊዜ ሁሉ ጸሐፊው ምክንያቱን ይናገር። ፊደል ነው ወይስ ባይት? ዜሮው ተቆጥሯል ወይስ አልተቆጠረም? መልስ የሌለው ቁጥር ገና ያልፈነዳ ስሕተት ነው።

ሁለተኛ፤ ዜሮውን የሚያኖረው ማነው? ከእያንዳንዱ መገልበጥ በኋላ ዜሮው የተቀመጠበትን መሥመር በጣታችን መንካት አለብን። ከሁሉም ይልቅ የሚያደናግረው የሲ ቋንቋ ራሱ መፍቀዱ ነው፤ 12 ባይት ለሆነ ቦታ «ሜክሲኮ» የሚለውን በቀጥታ በመነሻ ዋጋነት ብንሰጠው ዜሮውን ጥሎ ይቀበለዋል።

ሦስተኛ፤ ሳይዝኦፍ የሚለካው ምኑን ነው? አንድ አሬይ ወደ ፈንክሽን ሲላክ የሚሄደው አድራሻው ብቻ ነው። በፈንክሽኑ ውስጥ ሳይዝኦፍ ብለን ብንጠይቅ የሚነግረን የአድራሻውን መጠን ነው፤ በእኛ ሰሌዳ ላይ 2፤ በ32 ቢት ሰሌዳዎች ላይ 4። ስለዚህ መጠኑ ከአድራሻው ጋር አብሮ መላክ አለበት።

አራተኛ፤ ባይቱ ምልክት አለው ወይስ የለውም? ይህ ጥያቄ በላቲን ለሚጽፍ ሰው ትንሽ ነው፤ ለእኛ ግን ትልቅ ነው። በሲ «ቻር» የሚባለው ዓይነት በአንዳንድ ኮምፓይለሮች ዘንድ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በሌሎች አይወርድም። በተለመዱት የኤክስ86 ኮምፒዩተሮች ላይ በአብዛኛው ይወርዳል፤ በኤ.አር.ኤም. ላይ በአብዛኛው አይወርድም። በሚወርድበት ጊዜ 225 የነበረው -31 ሆኖ ይነበባል። አሁን አንድ ሰው «ከ32 በታች የሆነ ባይት የትእዛዝ ምልክት ስለሆነ ይጣል» ብሎ ቢጽፍ፤ በአንዱ መሣሪያ ላይ አማርኛው በሙሉ ሲጣል በሌላው ላይ አንዳች ሳይነካ ያልፋል። ሁለቱም ያው ኮድ ነው። መድኃኒቱ ባይትን ስንመረምር ምልክት የሌለውን ዓይነት ለይቶ መጻፍ ነው።

አምስተኛ፤ ጽሑፉ ከውጭ የመጣ ነውን? በሽቦ ወይም በሞደም የሚመጣ ባይት ዜሮ ይዞ አይመጣም፤ መጨረሻው የሚታወቀው በመሥመር ምልክት፤ በ13 ወይም በ10 ነው። ምልክቱ ባይመጣስ? ሽቦው ቢነቀልስ? የሚቀበለው ዙር ቦታው ሊሞላ 1 ሲቀረው መቆም አለበት። ከዚህም ሌላ አንድ የአማርኛ ፊደል ሁለት ባይቱ አሁን፤ ሦስተኛው በሚቀጥለው ንባብ ሊመጣ ይችላል። ግማሽ ፊደል ይዞ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ስድስተኛ፤ ቁጥር ወደ ጽሑፍ ሲለወጥ ትልቁ ስንት ነው? ባለ 16 ቢት ቁጥር -32768 ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ከነምልክቱ 6 ፊደልና ዜሮው፤ 7 ባይት ነው። ባለ 32 ቢቱ ደግሞ 12 ባይት ይፈልጋል። «ሙቀቱ ከ99 አይበልጥም» የሚል መልስ አይበቃም፤ የሙቀት መለኪያው የተበላሸ ዕለት ምን እንደሚልክ አይታወቅም።

ሰባተኛ፤ የተመለሰው ዋጋ ምን ማለት ነው? ኤስኤንፕሪንትኤፍ ከኤስፕሪንትኤፍ ይሻላል፤ መጠኑን ይጠብቃል፤ ዜሮውንም ያኖራል። ነገር ግን የሚመልሰው ቁጥር የጻፈውን ሳይሆን ቦታ ቢኖር ኖሮ ሊጽፍ የነበረውን ነው። 32 ባይት ይዘን 40 ቢመልስልን፤ የቀረው ቦታ 32 ሲቀነስ 40 ነው ብለን ብናሰላ፤ ምልክት በሌለው የ16 ቢት ቁጥር 65528 ይሆናል። ጠባቂው ራሱ በሩን ከፈተው ማለት ነው።

ስምንተኛ፤ ፊደሉን ከሠንጠረዥ የምናወጣ ከሆነ ወሰኑ ተጠብቋልን? ባለ 16 በ16 ነጥብ የፊደል ሥዕል አንዱ 32 ባይት ነው፤ 384ቱ ቦታ በሙሉ 12,288 ባይት ይሆናል፤ በማይጠፋው ሜሞሪ ውስጥ ይቀመጣል። ከላይ እንደ «ሜ» ባደረግነው ስሌት የተገኘው ቁጥር ከ0 በታች ወይም ከ383 በላይ ከሆነ አይነበብም፤ በምትኩ ባዶ ሳጥን ይታይ።

፭. መቁረጥ ግድ ሲሆን እንዴት ይቆረጣል?

ቦታ ያንሳል፤ ስም ይረዝማል፤ መቁረጥም አንዳንድ ጊዜ ግድ ይሆናል። በባይት ብቻ ከቆረጥን ፊደል መካከል ላይ ልንቆርጥ እንችላለን፤ የተረፈው ጭራም በስክሪኑ ላይ ጥቁር ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይታያል። ትክክለኛው ዘዴ ይህ ነው። ከቦታው መጠን 1 ቀንሰን ለዜሮው እናስቀር። በዚያ መቁረጫ ላይ የሚገኘውን የምንጩን ባይት እንይ። በ128 እና በ191 መካከል ከሆነ የፊደል ጭራ ነውና አንድ ወደ ኋላ እንመለስ፤ ራስ እስክናገኝ ድረስ እንዲሁ እናድርግ። ከዚያ በፊት ያለውን እንገልብጥና ዜሮ እናኑር።

«ሜክሲኮ»ን በ12 ባይት ቦታ ውስጥ በዚህ መንገድ እንሞክረው። መቁረጫው 11 ነው። ከ0 ጀምረን ስንቆጥር 11ኛው ባይት 174 ነው፤ ጭራ ነው። 10ኛው 138፤ ይህም ጭራ ነው። 9ኛው 225፤ ራስ ነው። ስለዚህ 9 ባይት ገልብጠን ዜሮ እናኖራለን። ውጤቱ «ሜክሲ» ነው። ሰሌዳዋ አትቆምም፤ ሳጥንም አይታይም።

እዚህ ላይ ብዙ መርማሪ ደስ ብሎት ወረቀቱን ይፈርማል። እኛም ልንፈርም ነበር። ነገር ግን የክሊኒኩ ነገር ትዝ አለንና አንድ ሙከራ አደረግን። ለስም 16 ባይት ሰጥተን «ገብረ ማርያም» እና «ገብረ ማርቆስ» የሚሉ ሁለት ስሞች አስገባን። የመጀመሪያው ከነዜሮው 23 ባይት ይፈልጋል፤ ሁለተኛው እንዲሁ። መቁረጫው 15 ነው፤ እሱ ጭራ ላይ ስለሚውል ወደ 13 ይመለሳል። ውጤቱ በሁለቱም «ገብረ ማ» ነው። ኮዱ ትክክል ነው፤ ሜሞሪው አልፈሰሰም፤ ፊደሉም አልተሰበረም፤ ሁለት ሰዎች ግን አንድ ሰው ሆኑ።

የእኛ ስሞች እንዲህ ናቸው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ እያሉ ይጀምራሉ፤ ሰውን ከሰው የሚለየው ከኋላ የሚመጣው ነው። ቈርጦ የሚያስቀር መሣሪያ የሚያስቀረው የጋራውን፤ የሚጥለው የግሉን ነው። ስለዚህ መርማሪው «በደህና ተቆርጧል ወይ?» ብሎ ብቻ አይጠይቅም፤ «መቆረጥስ ይገባዋል ወይ?» ብሎም ይጠይቃል። ለጣቢያ ማሳያ ሊፈቀድ ይችላል። ሰውን ለመለየት በሚያገለግል ስም ላይ ግን ቦታ ካነሰ ፈንክሽኑ እምቢ ይበል፤ ስሕተት መሆኑንም ይናገር። ጸጥ ብሎ ከመቁረጥ ጮኾ መቆም ይሻላል።

በዚሁ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ስሞችን የሚያወዳድረው ስትርሲኤምፒ ባይት እንጂ ድምፅ አያውቅም። «ሰ» 225፣ 136፣ 176 ስትሆን «ሠ» 225፣ 136፣ 160 ናት። «ሰላም» እና «ሠላም» ለእኛ አንድ ቃል ቢሆኑ ለመሣሪያው ሁለት ናቸው። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ስም ፈልጎ የሚያወጣ ኮድ ሲመረመር ይህ አስቀድሞ መታሰብ አለበት።

፮. ስለ መርማሪው ጠባይ

በኅዳር 2 ቀን 1988 ተብሎ በአማርኛ እንዳይሳሳት፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1988 ሮበርት ሞሪስ የሚባል በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚማር ተማሪ በአሜሪካ ኔትዎርክ ላይ ራሱን በራሱ የሚያባዛ ፕሮግራም ለቀቀ። ፕሮግራሙ ከገባባቸው በሮች አንዱ 512 ባይት በሆነ ቦታ ላይ መጠን ሳይጠይቅ የሚያነበው ጌትስ የሚባለው ፈንክሽን ነበር፤ 536 ባይት ተላከለት፤ ፈሰሰ። ጌትስ ከሲ ቋንቋ ደረጃ ፈጽሞ የተሰረዘው ግን በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። አደጋው ከታወቀ በኋላ 23 ዓመት መቆየቱ፤ ስሕተትን ማወቅና ስሕተትን መተው የተለያዩ መሆናቸውን ያሳያል።

እኛስ ለምን አላየነውም? በእውነት ከተናገርን ሦስት ምክንያት ነበረን። ጓደኛችን ጐበዝ ስለ ነበረ አመንነው። ኮዱ በላቲን ፊደል ስለ ሠራ ተረጋጋን። ጥያቄ ብንጠይቅ አላዋቂ እንዳንባል ፈራን። ሦስቱም ከሲ ቋንቋ የመጡ አይደሉም። እንዲያውም አንዱ ጓደኛችን ኋላ እንደ ነገረን «12 ለምን ሆነ?» የሚለው ጥያቄ በአፉ ላይ መጥቶ ውጦት ነበር። ያ የተዋጠ ጥያቄ የአንድ ቀን ሥራ አስከፈለን፤ ሰሌዳዋ ክሊኒክ ውስጥ ተሰቅላ ቢሆን ኖሮ ከዚያ የበለጠ ባስከፈለ ነበር።

ስለዚህ የተስማማንበት ሕግ አጭር ነው። መርማሪው ኮዱን እንጂ ሰውየውን አይመረምርም። ጸሐፊውም ጥያቄን እንደ ስድብ አይቆጥርም። «ጥሩ ነው» የሚል መርማሪ የትኛውን ስም በየትኛው ቦታ እንደ ለካ በቁጥር ያሳይ። እያንዳንዱም ቦታ በሦስት ጽሑፍ ይፈተን፤ አንድ ባይት በሚያንስ፣ እኩል በሚሆንና አንድ ባይት በሚበልጥ፤ ጽሑፉም አማርኛ ይሁን። ኮዱ ወደ ሰሌዳው ከመሄዱ በፊት በኮምፒዩተር ላይ በአድሬስ ሳኒታይዘር ይሮጥ፤ የኮምፓይለሩም ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ይከፈቱ። በሰሌዳው ላይ የማይታየው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ እዚያ ይያዛል።

ለክሊኒኩ ሰሌዳዋን ገና አልሰጠንም። ለስም 64 ባይት መድበን፤ የማይገባውን ስም እምቢ የሚለውን ፈንክሽን ጽፈን፤ አሁን ኮዱን ከኛ ቡድን ውጭ ያሉ ሁለት ተማሪዎች እየመረመሩት ነው። እስካሁን 9 ጥያቄ አምጥተዋል፤ ሁለቱ እውነተኛ ስሕተት ሆነው ተገኝተዋል።

መልመጃ

1ኛ. «ካዛንችስ» የሚለውን ቃል በዩ.ቲ.ኤፍ.-8 ለማስቀመጥ ከነዜሮው ስንት ባይት ያስፈልጋል?
2ኛ. «ቂርቆስ» 12 ባይት ወደሆነ ቦታ በስትርኤንሲፒዋይ ቢገለበጥ ምን ይሆናል?
3ኛ. 225፣ 136፣ 176 የሚሉትን ባይቶች በክፍል ሁለት ስሌት ፍቱ፤ የስንተኛው ቤት የትኛው ፊደል ነው?

መልስ፦ 1ኛ. አምስት ፊደል ስለሆነ 15 እና 1፤ 16 ባይት። 2ኛ. አራቱ ፊደላት 12ቱን ባይት ይሞላሉ፤ ዜሮ አይቀመጥም፤ የሚያነበው ሁሉ ወደ ጐረቤት ያልፋል። 3ኛ. 4096 እና 512 እና 48፤ 4656 ይሆናል፤ 4608 ሲቀነስ 48፤ ለ8 ሲካፈል 6 ደርሶ ምንም አይተርፍም፤ ስለዚህ የሰባተኛው ቤት ግዕዝ፤ «ሰ»።